ጭልፊት ግፈኛ ነውን?

በአዲስ አበባ ከሥጋ ቤት ደጃፍ ቆሞ ወደ ላይ ያንጋጠጠ ሰው ጭልፊት ሲያንዣብብ ሳያይ አይቀርም። ይህ ወፍ ከአንድ መንገደኛ እጅ በፌስታል የተንጠለጠለ ሥጋ መንትፎ ሲበር አላፊ አግዳሚው ይስቃል። ያው ጭልፊት በማግስቱ ከግቢያችን አንዲት ጫጩት አንሥቶ ሲሄድ ግን እናቶች ይራገሙታል፤ ልጆችም ድንጋይ ያነሡበታል። በሦስተኛው ቀን ከቱቦ የወጣ አይጥ በጥፍሩ አንቆ ሲነሣ ብናየው ደግሞ «እሰይ! ደግ አደረገ» እንላለን። ወፉ አንድ ነው፤ ጥፍሩም አንድ ነው፤ የሠራውም ሥራ ያው ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ሌባ፣ ግፈኛና ባለውለታ ብለን ሦስት ስም ያወጣንለት እኛ ነን።

ውድ አንባቢያን! ለመሆኑ አዳኝ አውሬ ሌላውን ነፍስ ያለው ፍጡር አሳድዶ ሲገድል በደል ሠራ ይባላልን? ይህን ቆመን የምናይ ሰዎችስ እጃችንን ማስገባት ይገባናል ወይስ አይገባንም? ጥያቄው የሥራ ፈት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኔም ወጣት ሳለሁ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ቶንጎ ላይ አንዲት ጠጠር ከወንጭፍ ከለቀቅኩ በኋላ ግን ነገሩ ጨዋታ አልሆነልኝም። ከብዙ ዓመታት በኋላም ይኸው ጥያቄ አዲስ አበባ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ ከገዛ ቤቴ ደጅ ቆሞ አግኝቼዋለሁ። ሁለቱንም በቅደም ተከተል ላጫውታችሁ።

ከማማ ላይ የታየው

ቶንጎ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ከተማ ናት። ከአሶሳ በስተደቡብ ትገኛለች። ወረዳዋ በአንድ ወገን ከምዕራብ ወለጋው ቤጊ ጋር ይጎራበታል፤ በስተምዕራብ የሱዳንን ድንበር ይነካል። ማኦው፣ ኮሞው፣ በርታውና ኦሮሞው በአንድ ገበያ የሚገበያዩባት፣ አብዛኛው ሕዝቧም ሙስሊም የሆነባት አገር ናት። በ1988 ዓ.ም. ትምህርቴ ተሰናክሎ ሥራ ፈት በሆንኩ ጊዜ እናቴ እዚያ ይኖሩ ወደነበሩት ወንድሟ ዘንድ ሰደደችኝ። አጎቴ ማሽላና በቆሎ የሚያመርቱ፣ ጥቂት ፍየሎች የነበሯቸው፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው ነበሩ። አላህ ይዘንላቸውና ዛሬ በሕይወት የሉም።

የደረስኩት በጥቅምት ነበር። ማሽላው እሸት ይዟል። የተሰጠኝም ሥራ አዝመራ መጠበቅ ሆነ። ለከተማ ልጆች ለማስረዳት ያህል፣ ማማ ማለት በረጃጅም ቋሚ እንጨቶች ላይ ተረብርቦ የተሠራ የጠባቂ መቀመጫ ነው። ጠባቂው እዚያ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉንና ጠጠሩን ይዞ፣ ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት የዱር አሳማና ጃርት ሲያባርር ይከርማል። በማሳው ወዲያኛ ጥግ ባለው ማማ ላይ የአሥር ዓመቱ የአጎቴ ልጅ ይውል ነበር። በደንቡ ቢሆን በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት መገኘት ነበረበት። የዝንጀሮ መንጋ ግን የትምህርት ሰዓት አያውቅምና፣ ልጁ ደብተሩን ዘግቶ ወንጭፍ ያዘ።

ከማማ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው መሬት ላይ የቆመው የማያየውን ያያል። እግረ ረጅም፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ገላው ነጠብጣብ የሆነ አንድ አነር ጠዋት ጠዋት ወደ ማሳው ዳር ይመጣ ነበር። ሣሩ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያዳምጣል። ከዚያ ድንገት ወደ ላይ ይዘልና በሁለት የፊት እግሮቹ ይወርዳል። አንዳንድ ጊዜ አይጥ ይዞ ይነሣል፤ አንዳንድ ጊዜም ይስትና ባዶውን ይሄዳል። አይጥ የእኛን እህል ስለምትፈጅ አነሩ በዘለለ ቁጥር እኔም አብሬው የዘለልኩ ያህል ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ያው አነር የቆቅ ጫጩት ይዞ ሲነሣ አየሁና ጮኬ አባረርኩት። ጫጩቷን ጥሎ ሮጠ። ወርጄ ባያት ሞታለች። አነሩ ጦሙን ሄደ፤ ጫጩቷም አልተረፈች። ያን ቀን ለማን ብዬ እንደጮህኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እሳቱን ማን ለኮሰው?»

አዝመራው ተሰብስቦ በጋው ገፋ። በዚያ አገር ዝናብ ከመምጣቱ በፊት አዲስ መሬት የሚከፈተው የደረቀውን ሣርና ቁጥቋጦ በእሳት በማቃጠል ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ አጎቴ ነፋስ የማይበረታበትን ሰዓት መርጠው ጎረቤት ጠሩ። እሳቱን እኔ እንድለኩስ ለመንኳቸው፤ ፈቀዱልኝ። የሰጡኝ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር። «የወንዙን በኩል ክፍት ተወው» አሉኝ። ውስጥ ያለው ነፍስ ሁሉ በዚያ እንዲወጣ ማለታቸው ነው። እኔ ግን ችቦዬን ይዤ ስዞር የወንዙ ዳር ሣር ከሁሉ ይበልጥ የደረቀ ሆኖ አገኘሁትና፣ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ እዚያም ለኮስኩ።

ጭሱ ገና ሲነሣ ጭልፊቶቹ መጡ። ይህ የቶንጎ ብቻ ነገር አይደለም። በአፍሪካ ሣር በሚቃጠልበት አገር ሁሉ ጭልፊት ጭስ አይቶ ይሰበሰባል፤ ከእሳቱ የሚሸሸውን ፌንጣ፣ እንሽላሊትና አይጥ ከነበልባሉ ፊት እየለቀመ ይበላል። የወንዙ በር ተዘግቷልና የቀረው መውጫ እኛ የቆምንባት ጠባብ የእግር መንገድ ብቻ ነበረች። በእሷ በኩል አንዲት ቆቅ አምስት ወይም ስድስት ጫጩቶቿን አስከትላ ብቅ አለች። ጭልፊቱ ወረደና አንዱን አነሣ። ተመልሶ ሁለተኛውን ወሰደ። ለሦስተኛው ሲወርድ ወንጭፌን አሽከርክሬ ለቀቅኩት። ጠጠሩ ክንፉን አገኘውና ወደቀ። የመንደሩ ልጆች እልል አሉ። እኔም ደካማን ከኃይለኛ ያዳንኩ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

አጎቴ ቀርበው አዩት። አላመሰገኑኝም፤ አልተቆጡኝምም።

«ምን አደረገህ?» አሉኝ።

«ጫጩቶቹን ፈጃቸው እኮ!» አልኳቸው።

«እሱማ የተሰጠውን ነው የበላው። ጫጩቶቹን ከቤታቸው ያስወጣቸው ማን ነው? እሳቱን ማን ለኮሰው?»

ዝም አልኩ። ወደ ወንዙ በኩል ዞረው ነበልባሉን አዩና «ክፍት ተወው ብዬህ አልነበረም?» አሉ። አሁንም ዝም አልኩ። ከዚያ «በል እንግዲህ፣ ወይ ባንድ ጊዜ ገላግለው፤ ወይ እያበላህ አኑረው። ሰብሮ መተው ግን የለም» ብለውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ለመግደል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ወፉን ከጎተራው ሥር አስቀምጬ መመገብ ጀመርኩ። ጭልፊት እህል አይበላም። ወጥመድ ሠርቼ አይጥ ያዝኩለት፤ አይጥ ሲጠፋ እንሽላሊት አሳደድኩለት። በዘጠኝ ቀን ውስጥ በዕድሜዬ ሙሉ ከገደልኩት የበለጠ ነፍስ ገደልኩ። ለአንዱ በማዘኔ የሌሎቹ አዳኝ ሆንኩ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ከጎተራው ሥር ላባ ብቻ አገኘሁ። ቀበሮ ይሁን ጥርኝ ሌሊት መጥቶ ወስዶታል። እሱንም ልከስሰው ወይ ልረግመው አሰብኩና አፌ እምቢ አለኝ።

በደል ምንድን ነው?

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ብዙ ጊዜ አገላብጬ አይቼዋለሁ። አንድ ድርጊት በደል፣ በዲናችን ቋንቋ ዙልም፣ ለመባል ሠሪው የሚሠራውን ማወቅና ሌላ መንገድ መምረጥ መቻል አለበት። ዑለማዎች ሙከለፍ የሚሉት፣ ማለትም ኃላፊነት የተጣለበት፣ አዕምሮ ያለውና ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው ነው። ከሰው ልጅ እንኳ ሕፃኑና አዕምሮው የታወከው ከዚህ ውጭ ናቸው። ጭልፊት ሣር ልብላ ቢል አይችልም። ከጫጩትና ከፌንጣ ሌላ ገበታ አልተዘረጋለትም። ጎጆው ውስጥም አፋቸውን ከፍተው የሚጠብቁት የራሱ ጫጩቶች አሉ። እኔ የቆቋን ልጆች አይቻለሁ፤ የእሱን ልጆች ግን አላየሁም። ያላየኋቸው ስለሌሉ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ አዋቂ አንባቢ «በትንሣኤ ቀን ቀንድ የሌላት በግ እንኳ ከቀንዳሟ ሐቋን እንደምታገኝ በሐዲስ ተነግሮ የለምን? ታዲያ እንስሳ እንዴት አይጠየቅም?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው። ሐዲሱን ያብራሩ ሊቃውንት እንደሚሉት ግን ይህ እንደ ሰው የኃላፊነት ቅጣት ሳይሆን የአላህ ፍትሕ ከምንም ነገር እንደማያልፍ የሚታይበት ነው። የሚሰማውም በግ አይደለም፤ እኛ ነን። የበግ ቀንድ እንኳ ካልታለፈ አዕምሮ የተሰጠው ሰው እጅ እንዴት ይታለፋል? የሐዲሱ ጫና የሚወድቀው በጭልፊቱ ላይ ሳይሆን ችቦውን በያዘው ልጅ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለች ሴት የተናገሩትን የማያውቅ ሙስሊም የለም። ነገር ግን አንድ ቃል ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። የሴትዮዋ ጥፋት አለማብላቷ ብቻ አልነበረም። ድመቷን ከምድር ላይ ያሉትን ትንንሽ ፍጥረታት እየያዘች እንድትበላ አለመልቀቋም ጭምር ነበር። እንግዲህ ድመቷ አድና መብላቷ ሐቋ ሆኖ ተቆጠረላት ማለት ነው። ይህን ሳነብ ከጎተራ ሥር ያስቀመጥኩት ወፍ ትዝ አለኝ። በእርግጥ እሱን ላበላው ሞክሬ ነበር፤ ሐቁን የነጠቅኩት ግን እኔው ነበርኩ።

በሌላ ዘገባ ደግሞ በአንድ ጉዞ ላይ ሰሐቦች የአንዲት ትንሽ ወፍ ጫጩቶችን ወሰዱባትና ወፏ ክንፏን እየዘረጋች በላያቸው ትዞር ጀመር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማን እንዳስጨነቃት ጠይቀው ልጆቿ እንዲመለሱላት አዘዙ። እዚያው ላይ የተቃጠለ የጉንዳን ሠፈር አይተው በእሳት መቅጣት ለእሳት ጌታ ብቻ የተገባ መሆኑን ተናገሩ። የወፏ ጫጩቶችና እሳቱ በአንድ ዘገባ ውስጥ ጎን ለጎን መገኘታቸውን ልብ በሉልኝ። በሁለቱም ቦታ የተጠየቀው ሰው ነው።

ይህን ስል ገበሬው ጫጩቱን ለጭልፊት ያስረክብ ማለቴ አይደለም። ሸሪዓችን ጎጂውን መከላከልን ፈቅዷል። በኢሕራም ላይ ያለ ሰው እንኳ ሊገድላቸው ከተፈቀዱት አምስቱ መካከል ቁራ፣ ጊንጥና ተናካሽ ውሻ አሉ፤ ጭልፊትና አይጥም በዚያው መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ንብረትን መጠበቅ አንድ ነገር ነው። ተከላካዩ ራሱን ፍጹም ጻድቅ፣ ወፉን ግፈኛ አድርጎ ማየቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

የፈላስፋው ሐሳብና የልጁ ደብተር

ጥያቄው በእኛ መንደር ብቻ የተነሣ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ምግባር ፈላስፋ ጄፍ ማክማሃን እ.ኤ.አ. በ2010 በኒውዮርክ ታይምስ ባወጣው ጽሑፍ፣ ሌላ የከፋ ጉዳት ሳይከተል ሥጋ በል አውሬዎች ቀስ በቀስ ከምድር እንዲጠፉ ማድረግ ቢቻል መልካም ይሆን ነበር የሚል ክርክር አቅርቧል። የሚታደነው እንስሳ ሥቃይ እውነተኛ ሥቃይ ነውና ሐሳቡ ከክፋት የመነጨ አይደለም። ሰውየው ራሱም «ጉዳት ሳይከተል» የሚለውን ቃል ያስገባው የነገሩን አደገኛነት ስለሚያውቅ ነው።

ዳሩ ግን ያ ቃል የሚሸከመው ሸክም ከባድ ነው። በጋና ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት አንበሳና ነብር በተመናመኑባቸው አካባቢዎች የዝንጀሮ መንጋ በዛ፤ ወደ እርሻም ገባ። ማሳ ለመጠበቅ ሲባልም ልጆች ከትምህርት ቤት ቀሩ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ በወዲያኛው ማማ ላይ ይውል የነበረው የአጎቴ ልጅ ፊቴ መጣ። ዝንጀሮን የሚያስፈራው ነብር ሲሄድ ሥራውን የሚረከበው የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ለሚዳቋ ብለን ነብሩን ብናጠፋ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ደካማ ይሆናል። እኔ በዘጠኝ ቀን፣ ለአንድ ወፍ ስል የከፈልኩት ዋጋ ይህንኑ አሳይቶኛል።

ታዲያ ማዘናችን ከንቱ ነውን? በፍጹም! በቆቋ ጫጩት ያላዘነ ልብ በሰው ልጅም አያዝንም። ኀዘኑ የተሰጠን ግን ጭልፊትን እንድናርምበት ሳይሆን የገዛ እጃችንን እንድንይዝበት ነው። የወንዙን በኩል ክፍት መተው፣ ከማቃጠል በፊት ጎጆና ጉድጓድ ማየት፣ የጫጩት ቤት ክዳን ማድረግ፣ ጅብ ለመግደል ብሎ ጥንብ ላይ መርዝ አለመርጨት፣ በሚታረደው እንስሳ ፊት ቢላ አለመሳል፤ ይህ ሁሉ በእጃችን ያለ ነው። ውሻን በድመት ላይ እያነሳሱ ቆሞ መሳቅም እንደዚሁ ነው። ጭልፊቱ ሲያድን ማየት ትምህርት ሊሆን ይችላል፤ ለመዝናናት ሲባል ነፍስን ከነፍስ ማጋጨት ግን የእኛ ሥራ ነው፤ በእሱም እንጠየቅበታለን።

የጅብ ስም

ጨካኝ ሰው ስናይ «አውሬ» እንለዋለን። ሆዳሙን ሰው «ጅብ» እንለዋለን። ይህ ስድብ ማንን እንደሚጎዳ አስበን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት በመቀሌ ከተማ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ጥንብና ተረፈ ሥጋ እንደሚያጸዱ፣ በዚህም አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይተላለፉ እንደሚያግዙ አስልቷል። ስሙን ለስድብ የምንጠቀምበት ፍጡር ሌሊት መጥቶ የእኛን ቆሻሻ ያነሣል ማለት ነው።

በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሳ ደግሞ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳመለከተው፣ በጭላዳዎቹ መካከል ሲያድን ከሦስት ሙከራው ሁለቱ ገደማ ይሰምርለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን የሚሰምርለት ከአራት አንዱ ነው። የጭላዳ ግልገሎች ከአፍንጫው ሥር እያሉ ለመንካት ብዙም አይሞክርም፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ቀበሮው ደግ ሆኖ አይደለም። ቢነክሳቸው እንደሚሸሹና ገበታው እንደሚበተንበት የተረዳ ይመስላል።

አውሬን መልአክ ላደርገው ግን አልፈልግም። ነብር ወይም ጥርኝ በረት ገብቶ ከሚበላው በላይ ፈጅቶ ሲሄድ ያየ ገበሬ ብዙ ነው። ይህም በአብዛኛው የሚሆነው ታዳኙ መሸሻ ባጣበት ቦታ፣ አጥር በተዘጋበት ቦታ ነው። አጥሩን የሠራው ደግሞ ሰው ነው። እንደገና ወደ አጎቴ ጥያቄ ተመለስን።

ከስድቡ የባሰ አንድ ስሕተት አለ። ያም የአውሬን ሥራ ለራስ ሥራ ማስረጃ ማድረግ ነው። እንግሊዛዊው ኸርበርት ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1864 ተስማሚው ይተርፋል የሚል ትርጉም ያለውን ታዋቂ ሐረግ ከጻፈ ወዲህ ስንቱ ኃይለኛ ደካማውን ሲውጥ «የተፈጥሮ ሕግ ነው» እያለ ኖሯል! በእኛም አገር «ትልቁ ዓሣ ትንሹን ይበላል» ብሎ ነገሩን የሚዘጋ ሞልቷል። ዓሣው ሌላ ምርጫ የለውም። ተናጋሪው ግን አለው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በበስራ የነበሩት ኢኽዋኑ ሰፋ የተባሉት ጸሐፍት እንስሳት ሰውን በጂኖች ንጉሥ ፊት ከስሰው ሲያቆሙት የሚያሳይ ትረካ ጽፈዋል። በዚያ ችሎት ከሳሹ እንስሳ፣ ተከሳሹ ሰው ነው። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፍርድ ወንበሩን ለራሳችን ይዘን እንስሳውን እንከስሳለን።

ከእሳት የሚሸሽን የሚጠብቅ ሰው

አሁን ከቤቴ ደጅ ወደ ጠበቀኝ ጥያቄ ልምጣ። ቶንጎን ከለቀቅኩ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ተነሣ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻገሩ፤ በዚያው ዓመት ቶንጎ ላይ የስደተኞች መጠለያ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እንዳስታወቀው፣ በአካባቢው በተነሣ ውጊያ ከቶንጎና ከጉሬ ሾምቦላ መጠለያዎች ከ20,000 በላይ ስደተኞች ሸሹ። ከአንድ እሳት ሸሽተው የመጡትን ሌላ እሳት አሳደዳቸው። በዚያ ዘመን ከመኖሪያው የተፈናቀለው ስደተኛው ብቻ እንዳልነበረም ሁላችንም እናስታውሳለን።

በ2014 ዓ.ም. ከምዕራብ የተፈናቀለ አንድ ቤተሰብ አዲስ አበባ መጥቶ ከግቢዬ ያለችውን አንዲት ክፍል ሊከራይ ጠየቀ። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር ናቸው። ሌላ ቤት ፈልገው እንዳላገኙ ከፊታቸው አየሁ። ሌላ ቤት አለማግኘታቸውን ባየሁ ጊዜ ምን አደረግኩ? ከቀድሞው ተከራይ እቀበል በነበረው ላይ ጨምሬ ጠራሁ። ሰውየው ምንም ሳይል ተስማማ። ለባለቤቴ ስነግራት «ምነው ጨመርክባቸው?» አለች። «ገበያው ነው» አልኳት። «የቶንጎውን ጭልፊት ለልጆቹ የምትተርከው አንተ አይደለህም እንዴ?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ እሳቱን አልለኮስኩም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጭሱን አይቼ መጥቻለሁ። ከእሳት የሚሸሸው ሰው ከሚያልፍባት ጠባብ መንገድ ላይ ጥፍሬን አሹዬ ቆሜ ነበር። ጭልፊቱ ያን ቢያደርግ ከዚያ ሌላ እንጀራ የለውም። እኔ ግን ደመወዝ አለኝ፤ ከጓዳዬም እንጀራ አለ። «ገበያው ነው» ያልኩት «ተፈጥሮዬ ነው» ለማለት ነበር፤ ተፈጥሮዬ ግን ያ አልነበረም። መምረጥ የምችል ሰው ነበርኩ፤ መረጥኩም። በደል ማለት ይኸው ነው።

ጭማሪውን የመለስኩት በማግስቱ ነው ብል እወድ ነበር። የመለስኩት የሦስት ወር ከተቀበልኩ በኋላ ነው። ይህን የምጽፈውም እንድመሰገን አይደለም። ከእኔ ሌላ የተፈናቃይን በሬ በግማሽ ዋጋ የገዛ፣ በጨነቀው ሰው ላይ የእህል ዋጋ የሰቀለ፣ ማደሪያ ያጣውን ከደላላ ወደ ደላላ ያንከራተተ አንባቢ ቢኖር ብቻውን እንዳልሆነ እንዲያውቅና በጊዜ እንዲመለስ ነው። ከእሳት የሚሸሽ ሰው ሁልጊዜ አለ። ነገም ይኖራል።

እንግዲህ በርዕሱ ላይ ላነሣሁት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ ጭልፊት ግፈኛ አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። ግፈኛ መሆን የሚችለው ግፈኛ ላለመሆን የሚችል ብቻ ነው። ጭልፊት ሲያድን ያየ ሰው ይዘን፤ ማዘኑ ከአላህ የተሰጠው ጸጋ ነው። ነገር ግን ድንጋይ ከማንሣቱ በፊት እሳቱን ማን እንደለኮሰው ይጠይቅ። መልሱ «እኔ» ሆኖ ካገኘው ወንጭፉን ያስቀምጥና የወንዙን በኩል ሄዶ ይክፈት። እሳቱ የሌላ ሰው እንኳ ቢሆን ሸሽቶ ለሚወጣው መንገዱን ይልቀቅለት።

ወላሁ አዕለም።